ስልሳ ሦስተኛው ፎቶ

የኩኩ እናት ጠዋት ፎቶ ቤቱን ከፍታ ስትገባ፣ መጋረጃ ከመግለጧም ሆነ አቧራ ከመጥረጓ በፊት የምታደርገው ነገር አንድ ብቻ ሆኗል። ኮምፒውተሩን ታበራለች። እስኪነሳ ድረስ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራ ትጠብቃለች። ከዚያ ፎቶ የሚያቀናብሩበት ሶፍትዌር ድረ ገጽ ውስጥ ትገባና "አዲስ የታከሉ ካሜራዎች" የሚለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። የምትፈልገው የአንድ ካሜራ ስም ነው፤ ሁለት ፊደልና አራት ቁጥር። እንደ ልጇ የልደት ቀን በቃሏ ይዛዋለች።

ሃያ ሁለት ቀን ፈልጋ አላገኘችውም።

"ዛሬም የለም" ትላለች ገና ማንበብ ሳትጀምር። የፈሩት ይደርሳል ሲባል ሰምታ ያደገች ሴት ናት፤ ስለዚህ ሲደርስ እንግዳ እንዳይሆንባት ቀድማ ትፈራለች። ኩኩ አንድ ጊዜ ካስነጠሰች የሳንባ ምች ይታያታል። ስልክ ከጮኸ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው የሚመስላት። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ምናልባት" የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። "ምናልባት ቢጠፋስ? ምናልባት ቢበላሽስ?" እያለች ሁሉን ነገር ሁለት ቦታ ስለምታስቀምጥ ነው።

እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት ናት እንግዲህ የጋሼን ፊት አጠፋች የተባለችው።

ነገሩ ከሁለት ወር በፊት ነው የጀመረው። ጋሼ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ ሲያነሱ ኖረው የራሳቸው ፎቶ አልነበራቸውም። አንድ የመታወቂያ ጉርድ ብቻ አለች፤ እሷም ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ልጃቸው፣ እሱም ፎቶ አንሺ ነው፣ ገበያ ላይ ከዋለ ወር ያልሞላው ካሜራ ገዝቶ መጣና "አባዬ፣ በዚህ መጀመሪያ የማነሳው አንተን ነው" አላቸው።

"በምንድን ነው የምታነሳኝ? በዚያ ሮው በምትሉት?"

"አዎ። ካሜራው ያየውን ሁሉ፣ ብርሃኑንም ጨለማውንም፣ ምንም ሳይጥል ነው የሚያስቀምጠው። ፎቶ የሚሆነው በኋላ ኮምፒውተር ላይ ነው።"

"ያልታጠበ ፊልም በለኛ" አሉ ጋሼ። "ስም ስትቀይሩለት አዲስ ነገር የፈጠራችሁ ይመስላችኋል።"

በአንድ ጠዋት ስልሳ ሦስት ፎቶ አነሳቸው። መስኮቱ አጠገብ አነሳቸው፤ ጣሪያው ላይ አነሳቸው፤ በመጨረሻ ከኋላ ባለው የድሮ ጨለማ ክፍል፣ አሥራ አምስት ዓመት ፊልም ያልታጠበበት፣ አስቀምጦ አነሳቸው። የኩኩ እናት ብርሃን እንዲመልስ ነጩን ካርቶን ይዛ ከኋላ ከኋላ ስትከተል ዋለች። ሲጨርሱ ሚሞሪውን ሰጣትና "እኔ ራሴ ነኝ የማቀናብራቸው፤ አስቀምጪልኝ ብቻ" አላት።

የቤቱ ደንብ ጋሼ ራሳቸው ያወጡት ነው፤ ገልብጪ፣ ቁጠሪ፣ ሚሞሪውን አጽጂ። ክፈቺና እዪ የሚል የለበትም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራችው። ገለበጠች፣ ሁለት ቦታ። ቆጠረች፣ ስልሳ ሦስት። ሚሞሪውን አጸዳች።

በዘጠነኛው ቀን ጋሼ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸው ላይ ሸለብ እንዳደረጋቸው ቀሩ።

ባለቤታቸው እትዬ ሐዘኑ ረገብ ሲል ትልቅ ፎቶ አሳትመው ከመግቢያው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ ፈለጉ። ያን ጊዜ ነው ፋይሎቹ የተከፈቱት። ተከፈቱ ከተባለ ነው እንጂ፤ ማያው ላይ የወጡት ስልሳ ሦስት ግራጫ ሳጥኖች ናቸው። አንዱን ሲነኩት "ይህ ፋይል ሊታወቅ አልቻለም" ይላል። ሁለተኛውም ያንኑ ይላል። የኩኩ እናት ስልሳ ሦስቱንም ነካች።

"ሚሞሪው የታለ?" አሉ እትዬ።

"አጽድቼዋለሁ እትዬ።"

"አልጠፋም እማዬ" አለ ልጃቸው ቶሎ ብሎ። "ሶፍትዌሩ ካሜራውን ገና አያውቀውም። አዲስ ስለሆነ ነው። የካሜራው ስም ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ቀን ይከፈታል።"

"ካሜራውን የሠሩት ሰዎችስ የሚከፍቱበት የላቸውም?"

"አላቸው። ይኼም ኮምፒውተር የእኔም አርጅተው አልቀበል አሉ እንጂ።"

እትዬ ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ልጄ ለአንቺ ብሎ እናቱን ይዋሻል" አሉ። "ዓይንሽ እሱ ላይ ቢሆን እንኳ ይሁን ባልኩ። ዓይንሽ ቤቱ ላይ ነው። ልጅሽን አዝለሽ የመጣሽ ቀን አውቄዋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ሥራ ፈልጊ።"

እሱ ዓይኗን ፈለገ። እሷ ወለሉን አየች። የቆረጣት የእትዬ ቃል አልነበረም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ባሏ ሞቶባት፣ የሰው ጉርድ ፎቶ ስትከረክም ለምትኖር ሴት ከዚህ የባሰ ሊባል እንደሚችል ታውቃለች። የቆረጣት እሷም እንደ እትዬ ማሰቧ ነው። ይዋሻል ብላ አሰበች። ያዘነላት ሰው ነው እንዲህ ቶሎ ብሎ የሚዋሸው። ፍቅር ትጠብቅ ከነበረበት ዓይን ውስጥ ምጽዋት ያየች መሰላት፤ ያን ቀን እስክትተኛ ድረስ ፊቷ እንደ ተመታ ሰው ሲግል ዋለ።

በማግስቱ ወጣ። ርቆ ያለ ወንዝ ላይ የሚሠራውን ድልድይ ፎቶ ሊያነሳ ስድስት ሳምንት ተዋውሎ ነበር። ሊሄድ ሲል በር ላይ አገኛትና ፖስታ ሰጣት።

"እዚያ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ነው፤ የምንወጣውም እሁድ እሁድ። እደውላለሁ" አላት። "ከዚያ በፊት አንብቢው።"

"እሺ" አለች። ፖስታው ቀጭን ነበር። መሳቢያው ውስጥ ከድሮ ነጋቲቮች ሥር ከተተችው።

አላነበበችውም። በሕይወቷ ጥሩ ነገር በአፍ ነው የተነገራት፤ ክፉ ነገር ነው በወረቀት የመጣው። የባሏ ሞት በወረቀት መጣ። ከድሮ ቤቷ ውጪ የተባለችውም በወረቀት ነው። ይኼኛውም የሚለውን ታውቀዋለች፤ "እናቴን ማስቀየም አልፈልግም፣ ለአንቺም ለልጅሽም የሚሻለው" ይላል። ሳይከፈት እስከ ቆየ ድረስ ግን አልተባለም። የመጀመሪያው እሁድ ስልኩ ጮኸ፤ ስሙን አየችና ተወችው። ሁለተኛው እሁድም ጮኸ። ሦስተኛው እሁድ፣ ኩኩ "ለምን አታነሺውም?" ስትላት፣ "እጄ እርጥብ ነው" አለች። እጇ ደረቅ ነበር፤ የረጠበው ዓይኗ ነው።

እንግዲህ ሃያ ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ።

ኮምፒውተሩን አበራች። ዝርዝሩን ከፈተች። "ዛሬም የለም" አለች፤ ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣ ከታች ሦስተኛው ላይ ቆመ። ሁለት ፊደል፣ አራት ቁጥር። ከመቀመጫዋ ተነሥታ መስኮቱ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። አሁንም አለ። እስክሪብቶ አንሥታ መዳፏ ላይ ጻፈችውና ከማያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየችው። በዓለም ላይ የት እንዳለ የማታውቀው ሰው፣ የማታውቀው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ያንን ካሜራ እንዴት እንደሚያይ ለሶፍትዌሩ ሲያስተምር ሰንብቷል። ማን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ግን ሠርቶታል። ይህ ነገር አስደነቃትም፣ አስፈራትም።

አዲሱን ሥሪት መጫን ጀመረች። ሰማያዊው መስመር ቀስ እያለ መሞላት ያዘ። ግማሽ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተና እትዬ ገቡ፤ ጥቁር ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ፣ የቤቱን ቁልፎች በእጃቸው ይዘው።

"ወሩ እየደረሰ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ሥራ አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።" ልትናገር አልፈለገችም ነበር፤ ተከፍቶ ቆሻሻ ቢሆንስ? ስልሳ ሦስቱም የተቀደደ ጨርቅ ቢመስሉስ? ሁለት ጊዜ መግደል ይሆናል። ግን አፏ ቀደማት። "ስሙ ገብቷል እትዬ። የካሜራው ስም። አሁን እየጫንኩት ነው።"

እትዬ ቆሙ። "ታዲያ?"

"ምናልባት ይከፈታል። ምናልባት ደግሞ..."

"አንቺ ምናልባትሽን ተይኝ" አሉና የጋሼን ዱካ ስበው ከኋላዋ ተቀመጡ። ጋሼ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ዱካ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም ነበር። መስመሩ ሞላ። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የአንዷን ትንፋሽ እየሰማች ጠበቁ።

አቃፊውን ከፈተችው። ስልሳ ሦስት ግራጫ ሳጥን። "አላልኩም?" ሊል የተዘጋጀ ነገር ውስጧ ነበር፤ ሳይል ቀረ። የመጀመሪያው ሳጥን ብልጭ አለና ሰማይ ሆነ። ሁለተኛው ትከሻ ሆነ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው... አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች መስኮታቸውን በየተራ እንደሚያበሩ፣ ግራጫው ረድፍ በረድፍ እየጠፋ ጋሼ በሁሉም ውስጥ ተቀመጡ።

የኩኩ እናት እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

የእትዬ ዱካ ጠጋ አለ፤ እግሩ ወለሉን ሲፍቅ ሰማች።

አንዱን አሰፋችው። መስኮቱ አጠገብ ያለውን። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ፊት ስታጸዳ ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አይታ አታውቅም። እያንዳንዱ የቅንድብ ጸጉር ለብቻው ቆሟል። በፊልም ማጠቢያ መድኃኒት የተቃጠለችው የአውራ ጣታቸው ጠባሳ ይታያል። ብርሃኑ በጆሯቸው ውስጥ አልፎ ቀይ አድርጎታል፤ የደም ሥራቸው ሳይቀር ይለያል። በሕይወት ያለ ሰው ጆሮ ነው። "እዚህ ጋ አምጪው" አሉ እትዬ በቀስታ፣ በጣታቸው ወደ ሸሚዙ እያመለከቱ። አመጣችው። ሁለተኛው ቁልፍ የተሰፋው በነጭ ሳይሆን በቢጫ ክር ነው።

"እኔ ነኝ የሰፋሁት" አሉ እትዬ። "ነጭ ክር አልቆብኝ። አያይም ብዬ።" ትንሽ ቆዩና "አይቶ ነበር ይሆን?" አሉ።

"ጋሼ የማያዩት ነገር አልነበረም" አለች።

"አዎ። አይቶ ዝም ብሎኛል።" እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ያሉትን ወደ ግድግዳው ዞረው ነው ያሉት። "አልዋሸኝም ማለት ነው። ልጄ።"

የኩኩ እናት ይህን ቃል በልቧ ደገመችው። አልዋሸም። ያ ቶሎ ብሎ የተናገረው ነገር እውነቱ ነበር። ምጽዋት ብላ የገፋችው ዓይን፣ ሦስት እሁድ ሙሉ ኮረብታ ወጥቶ የጠራት ድምፅ... አሳቡን አልጨረሰችውም፤ ቢጨርሱት የሚያቃጥል ነበር።

አንድ በአንድ እያሳለፈች ሄደች። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ማያው ጠቆረ።

"ይቺስ?"

"ተበላሽታለች እትዬ። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ የተነሳችው ናት፤ ብርሃን አልነበረም።"

እንዲህ እያለች ግን እጇ ልማዱን አልተወም። ጥላውን የሚያነሳውን መቆጣጠሪያ ይዛ ወደ ቀኝ ገፋችው። ጥቁሩ ቡናማ ሆነ። ደግማ ገፋች። ከምንም ውስጥ፣ ምንም ከሌለበት፣ መደርደሪያ ወጣ። የመድኃኒት ጠርሙሶች አንገት በአንገት ወጡ። ፊልም የሚሰቀልበት ሽቦና የልብስ መቆንጠጫው ወጣ። ከዚያ ጋሼ ወጡ፤ ከፊት ለፊት፣ ትንሽ ደብዘዝ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን ጥለው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ።

እትዬ "ውይ" አሉ። እንደ ቃል አይደለም፤ እንደ ትንፋሽ።

ጨለማው ግን ገና አላለቀም ነበር። ከጋሼ ትከሻ በላይ በሩ ነው። በሩ ላይ የሆነ ነጭ ነገር አለ፤ ካርቶን። ካርቶኑን የያዘ እጅ አለ። ከካርቶኑ በላይ ፊት። ካሜራው ዓይን ፈልጎ የሚይዝ ዓይነት ነው፤ የት ላይ እንዳነጣጠረ ሶፍትዌሩ በትንሽ አራት ማዕዘን ያሳያል። አራት ማዕዘኑ ጋሼ ላይ አልነበረም። በሩ ላይ፣ በዚያች ሴት ግራ ዓይን ላይ ነበር።

ራሷ ናት።

ያን ጠዋት ታስታውሰዋለች። ክፍሉ ጨልሞ ስለነበር ማንም አያየኝም ብላ ነው የቆመችው። ማንም አያየኝም ብላ ነው አንድ ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ዓይኗን የለቀቀችው። ጋሼን አልነበረም የምታየው፤ ካሜራውን የያዘውን ሰው ነው። አሁን ያ አስተያየት እዚህ አለ፤ እያንዳንዱ ሽፋሽፍት ተለይቶ፣ ሳይከለል፣ ሳይፈራ። የሰው ፊት ስታቀና ኖራለች፤ ፍቅር የያዘው ፊት የራሷ ሲሆን ምን እንደሚመስል ግን ዛሬ ማየቷ ነው። ልትዘጋው እጇን ዘረጋች፤ እጇ አልታዘዘም።

እትዬ ወደ ማያው ጎንበስ አሉ።

"እንዲህ ነው የምታዪው?" አሉ።

ሥዕሉ መልሶ ጨርሷል። "ቤቱን አልነበረም እትዬ" አለች። "አንድ ቀንም ቤቱን አላየሁም።"

"እያየሁ ነው እኮ" አሉ እትዬ። ከዚያ ደግሞ ወደ ባላቸው ፊት ተመለሱ። "ይኼ ሰውዬ ግን ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚስቀው? አርባ ዓመት ስኖር እንዲህ ሲስቅልኝ ሦስት ጊዜ ነው።"

የኩኩ እናት መሳቢያውን ሳበች። ነጋቲቮቹን ገለጠች። ፖስታውን ቀደደችው።

"ምንድን ነው?"

"የሄደ ቀን የሰጠኝ ነው። አላነበብኩትም።"

"ሃያ ምናምን ቀን? ስንት ምግብ በላሽ በዚህ መሃል? እንዴትስ ወረደልሽ?" እትዬ መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ፈለጉ፤ አጡት። "አንብቢው እስቲ።"

አነበበች።

"የኩኩ እናት ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናቴ ፊት የምጠራሽ እንዲያ ነው። እዚህ ግን ማንም የለም፤ ስለዚህ አንቺ ብቻ ብዬ እጀምራለሁ። ፎቶዎቹ አልጠፉም። ላንቺ ብዬ አልዋሸሁም። የዋሸሁት ሌላ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም እንደሌለብኝ ሰው አጠገብሽ መዋሌ ነው ውሸቱ። ሲከፈቱ፣ ስልሳ ሦስተኛዋን እናቴ ሳታይ ብቻሽን..."

ንባቧን አቆመች።

"ቀጥይ" አሉ እትዬ። "አይቼ ጨርሻለሁ።"

"...ብቻሽን ክፈቻት። ጥቁር ትመስላለች፤ እንዳትጥያት፣ ጨለማውን አንሺው። አባዬ 'እኔን ነው በሩን ነው የምታነሳው?' ብሎ ጠየቀኝ። በሩን አልኩት። የሳቀው ለዚያ ነው። ከሳቀ በኋላ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ሁሉን ነገር ሁለት ቦታ የምታስቀምጥ ሴት ያንተን ልብ አትጥለውም' አለኝ። ያየሁት እውነት ከሆነ እሁድ ስልኩን አንሺ። ካላነሳሽው ይገባኛል፤ በሩ ላይ ቆመሽ ሌላ ሰው ስታዪ ነበር ማለት ነው።"

ወረቀቱ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሦስት እሁድ። እሱ ኮረብታው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እሷ እዚህ ደረቅ እጇን ስትጠርግ። "አበላሸሁት" አለች። "ነገ ባይደውልስ? ምናልባት ተስፋ ቆርጦ ቢሆንስ?"

"ይደውላል" አሉ እትዬ። "የአባቱ ልጅ አይደል? አባቱ አምስቴ ጠይቆኝ ነው እሺ ያልኩት። አራቱን ጊዜ የታመመች አክስት ነበረችኝ።" ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ፣ በእሷ በኩል፣ አስቀመጡ። ቀና ብለው አላዩዋትም። "ግድግዳው ላይ የምትሰቀለዋ ይቺ ትሁን። ይቺ የሚስቅባት።"

"ደብዘዝ ብለዋል እኮ እትዬ። የመስኮቱ ይሻል ነበር፤ ጥርት ያለ ነው።"

"ይቺ ትሁን አልኩ።"

"እሺ።" ፊቷን ጠራረገች። ወደ ማያው ዞራ፣ አሥራ አንድ ዓመት በሠራ እጇ መከርከሚያውን አነሳች። የፎቶውን ጠርዝ ከቀኝ በኩል ይዛ ወደ ውስጥ ገፋችው፤ በሩ እየጠበበ፣ ካርቶኑ እየተቆረጠ፣ ያቺ ሴት እየወጣች ሄደች። ጋሼ ብቻቸውን ሊቀሩ ሲሉ፣ የእትዬ እጅ፣ ቀዝቃዛና ቀላል፣ እጇ ላይ አረፈ።

"በሩን እንዳትቆርጪው" አሉ።

ጠርዙን ለቀቀችው። ፎቶው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጋሼ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ሁለቱም የሚያዩት ግን አንድ ሰው፣ ካሜራውን የያዘውን። የእትዬ እጅ አልተነሳም። የኩኩ እናት እንደ ልማዷ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ክፉ ነገር ፈለገችው፤ በልቧ ጓዳ ሁሉ፣ ሁልጊዜ ተቀምጦ በሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ እየዞረች ፈለገችው። ጨለማውን ሁሉ አነሳችው። አልነበረም።